ለአዲሱ ኮምፒውተሬ የትኛውን ሳውንድ ካርድ ልግዛ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ራሴ ልገጣጥም ነው። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ግራፊክስ ካርድ መርጬ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ሳውንድ ካርድ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ማይክሮ ኤቲኤክስ ነው፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ወፍራም ነው። ባለ 250 ኦም ሄድፎን አለኝ። የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ሁለት ስፒከሮችም አሉኝ። ጌም እጫወታለሁ፣ ሙዚቃ እሰማለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ለቪዲዮ ድምፄን እቀዳለሁ። የትኛውን ልግዛ?»

ለጊዜው የትኛውንም አትግዛ።

እያሾፍኩብህ አይደለም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ገጣጥመው። ዊንዶውሱን ጫን፣ ድራይቨሩን አስገባ፣ ሄድፎንህን ከጀርባ ባለው አረንጓዴ ጃክ ሰካና ሁለት ሳምንት ስማው። ሳውንድ ካርድ ከሌሎቹ ዕቃዎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያለ ራም ወይም ያለ ፕሮሰሰር ኮምፒውተሩ አይነሳም። ያለ ሳውንድ ካርድ ግን ይነሳል፣ ድምፅም ያወጣል። ለምን ቢባል፣ የድምፁን ክፍል ከማዘርቦርዱ ጋር አብረህ ገዝተኸዋል። ያለህን ሳትሰማ ሌላ መደረብ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«ኮምፒውተር ሲገጠም ሳውንድ ካርድ የግድ ነው» የሚለውን ወሬ ያወረስናችሁ እኛ ትልልቆቹ ነን። በእኛ ጊዜ እውነት ነበር። የድሮ ፒሲ «ጢጥ» ከማለት ያለፈ ነገር አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አድሊብ የሚባል ካርድ ለጌም ሙዚቃ አመጣ። በ1989 የክሪኤቲቭ ሳውንድ ብላስተር ተከተለና የተቀዳ የሰው ድምፅ ጨመረበት። ያኔ ካርድ ያለው ልጅ ቤት ሰው ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ ኢንቴል በ1997 ኤሲ 97 የተባለውን ስታንዳርድ፣ በ2004 ደግሞ ኤችዲ ኦዲዮን አወጣ። ድምፅ እየዋለ እያደረ ማዘርቦርዱ ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ነገሩን የጨረሰው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ጌሞች በዳይሬክትሳውንድ በኩል የድምፅ ሥራን ለካርዱ የሚያሸክሙበትን መንገድ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡን በአብዛኛው የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። ለዛሬ ፕሮሰሰር ደግሞ ይህ ሥራ ኢምንት ነው። ስለዚህ «ሳውንድ ካርድ ጌም ያፈጥናል» የሚልህ ካገኘህ ጆሮ ዳባ ልበስ በለው።

አሁን ማዘርቦርድህን ከካርቶኑ አውጣ። የድምፅ ጃኮቹ ያሉበትን ጥግ ተመልከት። ብዙ ቦርዶች ላይ ያንን ጥግ ከቀረው የሚለይ ቀጭን መስመር ታያለህ። መስመሩ ጌጥ አይደለም። የድምፁ ክፍል ከሌላው ኤሌክትሪክ የታጠረበት ድንበር ነው። ከድንበሩ ወዲህ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቺፕ አለ፣ አንዳንዴም የቆርቆሮ ቆብ ደፍቶ። ዙሪያውን ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች ከበውታል። ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ የሪልቴክ ነው። ስሙ ኤኤልሲ ብሎ ይጀምርና ቁጥር ይከተለዋል። 897 ረከስ ባሉት ቦርዶች ላይ፣ 1220 ወይም 4080 ወደድ ባሉት ላይ ይገኛል።

ለ1220 በማጫወት በኩል 120 ዴሲቤል ተጽፎለታል። ይህ በሙዚቃውና በረባሽ ድምፁ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሲዲ በ16 ቢቱ የሚይዘው 96 ያህል ነው። ወረቀት ላይ እንግዲህ ማዘርቦርድህ ከሲዲ ይበልጣል ማለት ነው። «ወረቀት ላይ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። 120 የቺፑ ቁጥር እንጂ የቦርዱ አይደለም። ቺፑ የተለካው ብቻውን፣ ንጹሕ ኤሌክትሪክ እየጠጣ ነው። ያንተ ቤት ግን ኑሮው በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ከሚጎትት ግራፊክስ ካርድ ጎን ነው።

ዛሬ የማዘርቦርድ ድምፅ የሚበላሸው በአብዛኛው ቺፑ ደካማ ሆኖ አይደለም። ጎረቤት እየገባበት ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ሲበዛበት የሚጎትተው ኤሌክትሪክ ከአፍታ አፍታ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ መዋዠቅ በግራውንዱ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃዎች በሚጋሩት የኤሌክትሪክ መመለሻ መስመር፣ በኩል ሾልኮ ከድምፁ መስመር ጋር ይቀላቀላል። እንዴት ትለየዋለህ? ሙዚቃውን ዝጋ። ቮልዩሙን ከፍ አድርግ። ከዚያ ማውሱን አንቀሳቅስ። ማውሱን ተከትሎ «ጽጽጽ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከመጣ፣ ረጅም ገጽ ወደ ታች ስትስብ ቅላጼው ከተለወጠ፣ ጌም ስትከፍት ደግሞ ወደ ትንኝ ጩኸት ካደገ፣ ጎረቤቱ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ምንም ቢሠራ የማይለወጥ ዝግ ያለ «ሽሽሽ» ግን ሌላ ነው። ያ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ትንፋሽ ነው። ቮልዩሙን ወደተለመደው ስትመልሰው ከጠፋ እርሳው።

ሦስተኛም አለ። ሄድፎኑን አውልቀህም የሚሰማህ ጩኸት ከሆነ፣ የሚጮኸው ራሱ የግራፊክስ ካርዱ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ነው። እሱን የትኛውም ሳውንድ ካርድ አያድነውም። ይህን ሳያጣሩ ካርድ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። ጩኸቱም አለ፣ ገንዘቡም የለም።

ማዘርቦርዱን ከመክሰስህ በፊት ግን ከኬዙ ፊት ያለውን ጃክ ጠርጥር። ከእሱ የሚነሳው ቀጭን ገመድ ኬዙን አቋርጦ፣ ብዙ ጊዜም በግራፊክስ ካርዱ ሥር ተሽሎክሉኮ፣ ማዘርቦርዱ ታች ጥግ ላይ ይሰካል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየለቀመ ነው የሚመጣው። ከፊት እየጮኸ ከጀርባ ጸጥ ካለ ችግሩ ገመዱ ነው። መድኃኒቱም ከጀርባ የሚሰካ ማራዘሚያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጃክ አንድ ታሪክ አለኝ። አንድ ወዳጄ ውድ የውስጥ ሳውንድ ካርድ ገዛ። በማግስቱ ደውሎ «ሌላ ዓለም ነው! እስካሁን ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም!» አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሲያወድሰው ከረመ። አንድ ቀን አቧራውን ላራግፍለት ኬዙን ከፈትኩ። የፊቱ ጃክ ገመድ አሁንም ማዘርቦርዱ ላይ ነው የተሰካው። እሱ ደግሞ ሄድፎኑን የሚሰካው ሁሌም ከፊት ነው። ስድስት ወር ያወደሰው የማዘርቦርዱን ድምፅ ነበር። ካርዱ አንድም ዘፈን አልዘፈነም። ነገርኩት፤ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳልኝም። እኔም ብሆን ከእሱ የተሻለ ጆሮ የለኝም። ገንዘብ ስናወጣ ጆሯችን አብሮ ይከፍላል። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ስታወዳድር ቮልዩማቸውን እኩል አድርግና ሌላ ሰው እየቀያየረ ያሰማህ። አንተ ጀርባህን ስጥ። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላልና።

ወደ ሄድፎንህ ልምጣ። 250 ኦም የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም፣ ብዙ ሰው ያስፈራል። «ያለ ትልቅ አምፕሊፋየር ድምፅ አያወጣም» ይላሉ። ኦሙን ብቻውን ማየት ግን ምንም አይነግርህም። ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ፣ አብረህ እይ። ወረቀቱ ላይ «በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል» ተጽፏል እንበል፣ በዚህ ዓይነት ሄድፎን ላይ የተለመደ ቁጥር ነው። ማዘርቦርድህ የሚሰጠው 1 ቮልት ብቻ ነው እንበል። 1 ቮልት 250 ኦም ላይ ሲያርፍ 4 ሚሊዋት ይሆናል። ኃይል በአራት እጥፍ ሲያድግ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ ጫፉ 102 ዴሲቤል ነው። ቦርድህ 2 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ 16 ሚሊዋት ታገኛለህ፣ ጫፉም 108 ይደርሳል።

102 ዴሲቤል ብዙ ይመስላል። ግን እሱ የሙዚቃው ከፍተኛ ጫፍ ነው። የሙዚቃው መካከለኛ ድምፅ ከጫፉ 15 ወይም 20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ሊጓዝ ይችላል። ያ ወደ 82 ገደማ ያወርድሃል። ለእኔ ከበቂ በላይ ነው፤ ጆሮዬን ለእርጅናዬም እፈልገዋለሁ። ዝግ ብሎ ተቀድቶ አንዴ ብቻ የሚፈነዳ የኦርኬስትራ ሙዚቃ የምትወድ ከሆነ ግን ሊያንስህ ይችላል። መለኪያው ቀላል ነው። ቮልዩሙን ሞልተኸው «ትንሽ ቢጨምር» ካልክ ኃይል ጎድሎሃል። 70 ላይ ሆነህ ከጠገብክ ነገሩ ያለቀ ነው።

ትንሽ ኦም ያላቸው ሄድፎኖች ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው። ኃይል አይቸግራቸውም፤ የሚያስቸግራቸው የመውጫው የራሱ ኦም ነው። የተለመደው ሕግ የመውጫው ኦም ከሄድፎኑ ስምንተኛ እጅ አይብለጥ ይላል። ለ32 ኦም ሄድፎን ከ4 በታች መሆን አለበት ማለት ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ከዚህ ይበልጣሉ፣ ያኔ የአንዳንድ ሄድፎን ቤዝ ቅርጹን ይቀይራል። ያንተ 250 ስለሆነ እስከ 31 ድረስ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ። እዚህ ላይ ትልቁ ቁጥር ላንተ ነው የሠራልህ።

እንበልና ሁለት ሳምንቱ አለፈ፣ ትንኙም አልጠፋም። ያኔ ግዛ። ግን ኬዙ ውስጥ የሚገባውን ሳይሆን በዩኤስቢ የሚሰካውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን። ዳክ ይሉታል፣ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ነው። ብዙዎቹ የሄድፎን አምፕሊፋየር አብሯቸው አለ።

ይህን የምልህ የውስጥ ካርዶችን ንቄ አይደለም። የሳውንድ ብላስተር ኤኢ ተከታታይም ሆነ የአሱስ ዞናር በደንብ የተሠሩ ናቸው። ያንተን ኬዝ አስቤ ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ አነስ ያለ የማዘርቦርድ መጠን ነው፣ ቢበዛ አራት ስሎት (የካርድ መሰኪያ) አለው። ወፍራሙ ግራፊክስ ካርድህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይሸፍናል። ሳውንድ ካርድ የሚገባባት ትንሿ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ብዙ ጊዜ እዚያው ሥር ናት። ቦታ ብትገኝ እንኳ ካርዱ የግራፊክስ ካርዱን ፋን አፍ ለአፍ ይዘጋዋል። አንዱ በሙቀት፣ ሌላው በረብሻ ይጨነቃል። ከረባሹ ልትሸሽ ብለህ ጭራሽ ጉያው ውስጥ ትገባለህ። አንዳንዱ ካርድ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል። እና ሰው አሮጌ ካርድ «ውሰድ፣ በነጻ» ቢልህ መጀመሪያ ጥርሱን እይ። የድሮው ፒሲአይ ካርድ ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ጋር በጭራሽ አይገጥምም።

የውጩ ሌላም ጥቅም አለው። ነገ ኮምፒውተሩን ብትቀይር አብሮህ ይሄዳል፣ ላፕቶፕም ላይ ይሰካል። የራሱን ድራይቨር የማይጠይቅ ዓይነት ምረጥ። ዊንዶውስ 10 ከ2017 ጀምሮ ዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ 2 የተባለውን የጋራ ስታንዳርድ የሚከተሉ ዕቃዎችን በራሱ ያውቃል፣ ሊኑክስና ማክ ደግሞ ከዚያም በፊት ያውቁ ነበር። በልዩ ድራይቨር ብቻ የሚሠራ ዕቃ ግን ኩባንያው ድራይቨሩን ማደስ ያቆመ ቀን ተራ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ካርድም ቢሆን እንደዚያው።

መጠኑ አያታልልህ። ዩኤስቢ-ሲን ወደ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚቀይሩ የጣት ያህል ገመዶች አሉ፣ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ሙሉ ዳክ ነው። የአፕሉ በንጽሕናው ብዙ ትልልቅ ሳጥኖችን ያሳፍራል። የሚሰጠው ግን 1 ቮልት ያህል ነው፣ ስለዚህ ካንተ ሄድፎን ጋር ያው የ102ቱ ሂሳብ ነው። ከእነዚህ ገመዶች ውስጥ ዳክ የሌላቸውም አሉ። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ አይሰጡህም፤ ስትገዛ ጠይቅ።

ዩኤስቢ ሁሉን ይፈታል እንዳልልህ ግን ስፒከሮችህ አሉ። ስፒከሮቹም ኮምፒውተሩም ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ይጠጣሉ። በዩኤስቢና በድምፅ ገመዱ በኩል ግራውንዳቸው ሲገናኝ ክብ ይሠራል። ውጤቱ የማያቋርጥ «እምምም» ነው፣ አንዳንዴም ያው የማውስ ጽጽታ። መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። ካልጠፋ፣ ማዘርቦርድህ ኦፕቲካል መውጫ ካለው ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ዳክ ይገላግልሃል። በኦፕቲካሉ የሚያልፈው ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚሾልክበት መንገድ የለም። ለስቴሪዮ ምንም አይጎድለውም። 5.1 (የስድስት ስፒከር ድምፅ) ሲሆን ግን የሚያልፈው የተጨመቀው ብቻ ነው።

እስካሁን ያላነሳሁት ግን ምርጫህን የሚወስነው ማይክህ ነው። ማዘርቦርድ ድምፅ ሲያወጣ ጎበዝ ነው፣ ሲቀዳ ግን ደካማ ነው። የማይክ ሲግናል በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ማጉላት ይፈልጋል። ስታጎላው ጎረቤቱም አብሮ ይጎላል። በሮዙ ጃክ የተቀዳ ድምፅ ሥር ዝናብ የሚዘንብ የሚመስለው ለዚህ ነው። ለዚህ ብለህ የውስጥ ካርድ አትግዛ። ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ የዩኤስቢ ማይክ ነው። የራሱ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ውስጡ አለ፣ ሰክተህ ትቀዳለህ። ሌላው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፣ ለምሳሌ የፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ዓይነት። ትልቁን ባለ ሦስት ፒን የማይክ ገመድ ይቀበላል፣ ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገውን 48 ቮልት ይሰጣል፣ ለሁለት ስፒከር መውጫ አለው፣ ለሄድፎንም እንዲሁ።

አየህ፣ ሄድፎን፣ ሁለት ስፒከር፣ ማይክ። ያንተ ዝርዝር የኢንተርፌስ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። በወር ከአንዴ በላይ የምትቀዳ ከሆነ ከሁለት ሳምንቱ ሙከራ በኋላ የምመክርህ ይህን አንድ ሳጥን ነው፤ ዳክ ለብቻ፣ የዩኤስቢ ማይክ ለብቻ አያስፈልግህም፣ ባለ ሦስት ፒኑን ማይክ ግን እሱ ላይ ትሰካለህ። የስፒከሮችህ መግቢያ ባላንስድ (በገመዱ የገባውን ረብሻ የሚሰርዝ ዓይነት) ከሆነ የእምምታውንም ጉዳይ አብሮ ያቀልልሃል። አንድ ነገር ግን አጣራ፦ የአንዳንድ ኢንተርፌስ የሄድፎን መውጫ ለ250 ኦም ይደክማል። በወረቀቱ ላይ ስንት ቮልት ወይም በ250 ኦም ስንት ሚሊዋት እንደሚሰጥ ፈልግ። ከላይ ያለውን ሂሳብ አሁን ራስህ ትሠራዋለህ።

እየቀዳህ ራስህን ስትሰማ የሚያናድደው መዘግየት ነው። ድምፁ የሚጓዘው በቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጩ 256 ናሙና ከሆነና በሰከንድ 48,000 ከተቀዳ፣ በአንድ አቅጣጫ 5.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሲመለስ ያንኑ ያህል፣ ሌላም ጥቃቅን ይጨመርበታል። ኢንተርፌሱ ዳይሬክት ሞኒተር የምትል ቁልፍ ካለችው ግን ድምፅህ ኮምፒውተሩን ሳይዞር በቀጥታ ጆሮህ ይገባል። ይህች ቁልፍ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ትበልጣለች።

ቁጥሮቹን በሚመለከት አጭር ልሁን። 192 ኪሎ ኸርዝ፣ 384 ኪሎ ኸርዝ፣ 32 ቢት፤ ለማዳመጥ ዝለላቸው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ይሰማል። የሲዲው 44.1 እስከ 22 ድረስ ይሸከማል። 24 ቢት ግን ስትቀዳ ይጠቅማል። ድምፁን ዝቅ አድርገህ በሰፊው መቅዳት ትችላለህ፣ ስትስቅ አይሰነጠቅም።

ሄድፎን ላይ ስምንት ስፒከር ያለ የሚያስመስለው «ቨርቹዋል 7.1»ም ካርድ መግዣ ምክንያት አይሆንም። ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ ሶኒክ ከዊንዶውሱ ጋር በነጻ ይመጣል። ጌሙ የራሱ የሄድፎን ሞድ ካለው እሱን ተጠቀምና ሌላውን አጥፋ። ሁለቱን ካበራህ ጠላት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚተኩስብህ ይመስልሃል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ቃል። ሄድሴታችሁ የዩኤስቢ ወይም የብሉቱዝ ከሆነ፣ ወይም የምትሰሙት በኤችዲኤምአይ በቴሌቪዥኑ ከሆነ፣ ሳውንድ ካርድ ብትገዙ ድምፁ በእሱ በኩል አያልፍም። ወደ አናሎግ የሚቀየረው ሄድሴቱ ወይም ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። የወዳጄ ታሪክ በሌላ በር ይደገማል።

አንተ ግን ገጣጥመህ እንደጨረስክ መጀመሪያ የዊንዶውስን የድምፅ ሴቲንግ ክፈት። ሞኒተሩን በኤችዲኤምአይ ስትሰካ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ድምፁን ወደ ሞኒተሩ ያዞረዋል። «ማዘርቦርዱ ድምፅ የለውም» ተብሎ ሊመለስ ሲል ያገኘሁት ቦርድ ከአንድ በላይ ነው። መውጫውን ወደ ሪልቴኩ መልሰው። ከዚያ ሄድፎኑን ከጀርባ ሰካ፣ ምንም ሳትከፍት ቮልዩሙን ከፍ አድርግና ማውሱን ቀስ ብለህ አሽከርክር። አሁን ደግሞ ጌም ክፈትና ድገመው። የሰማኸውን ጻፍልኝ፤ የካርዱን ስም ያኔ እንነጋገራለን።